እንሶስላ አበባ አላት እንዴ?

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከአንዋር መስጊድ አለፍ ብሎ፣ ዕጣንና ከርቤ፣ ሽቶና ሂና ከሚሸጡበት ዘንድ፣ መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ከተቀመጡ አንዲት እናት ፊት ቆምኩና «እማማ፣ እንሶስላ ይኖራል?» አልኳቸው።

«ለሙሽራህ ነው?»

«አይ፣ ልተክላት ነው።»

ሳቁብኝ። «ሥር እኮ ናት ልጄ! ምን ልትሆንህ ትተክላታለህ?»

«አበባዋን ለማየት።»

«እንሶስላ አበባ አላት እንዴ?»

በእሳቸው አልፈርድም። እኔም ሠላሳ ዓመት እስኪያልፈኝ እንሶስላን የማውቃት በሙቀጫ ብቻ ነበር። የታላቅ እህቴ ሠርግ ሲቃረብ ሴቶቹ ሥሯን ይወቅጣሉ፤ ሙሽራዋ እጇንና እግሯን ትለቀለቃለች፤ በጉሎ ቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልላ ታድራለች። «እንሶስላ መሞቅ» የሚባለው ይኸው ነው። ጧት ሲፈታ መዳፏ ቀልቶ ሁላችንም እየተሻማን እናይ ነበር። ያ ቅላት ከየት ወንዝ ዳር ተቆፍሮ እንደመጣ የጠየቀ ልጅ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

በኋላ አንድ ወዳጄ ያዋሰኝን የእንግሊዞች የአትክልት መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ጥላ ለሚበዛበት ጓሮ ከሚመከሩት አበቦች መካከል አንዲት ነጭ፣ ጉሮሮዋ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ከኋላዋ ቀጭን ረጅም ጭራ ያላት አበባ አገኘሁ። ስሟ ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ፤ አገሯ ኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪቃ ደጋዎች። ሥሩ ማቅለሚያ ነው ይላል። ያቺው የእህቴ እንሶስላ! እንግሊዞቹ አበባዋን ለማየት ሲሉ በክረምታቸው ሥሯን በብስባሽ ቅጠል ሸፍነው ከውርጭ ያድኗታል። እኛ ደግሞ ሥሯን አውጥተን አበባዋን ሜዳ ላይ እንጥላለን።

የስሟ ታሪክ ረጅም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1839 እስከ 1843 ድረስ ቴዎፊል ሌፌብቭር የሚባል የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን የመራው የጥናት ቡድን በአገራችን ሲዘዋወር፣ ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዕፀዋት ይሰበስቡ ነበር። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። ካርቲን ዲሎንን መረብ ሸለቆ ላይ ንዳድ ጣለው። ፔቲን በ1843 አባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። በዚያው ዘመን ዓድዋ ተቀምጦ የነበረው ጀርመናዊው ሺምፐርም የደረቁ ዕፀዋቱን ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። እነዚህን ስብስቦች ፓሪስ ላይ ተቀብሎ የጻፈው አሺል ሪሻር ነው። አገራችንን በዓይኑ አላያትም። ሆኖም በ1847 መታተም በጀመረው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፉ ለእንሶስላ የሳይንስ ስሟን ሰጣት። ቲንክቶሪያ በላቲን «የቀለም፣ የማቅለሚያ» ማለት ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ቃል ነው። ወረቀት ላይ የተለጠፈ የደረቀ ቅጠል ማቅለሚያ መሆኑን አይናገርም። ለሰብሳቢዎቹ የነገራቸው ሰው መኖር አለበት፤ ያውም እጇን ዘርግታ ያሳየች አንዲት ሴት ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ። የሰብሳቢዎቹ ስም በየሙዚየሙ ወረቀት ላይ አለ። የእሷ የለም። የቀረው ሙያዋ ነው፤ እሱም በላቲን።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከጣሊያንኛው የመጣ ነው። እዚህ አንዋርና ራጉኤል ጎረቤት ናቸው። ለኒካሕም ለተክሊልም የሚሸምተው ሰው በአንድ መንገድ ይጋፋል። ሂና ቅጠል ናት፤ ቆላና ፀሐይ ትወዳለች። እንሶስላ ሥር ናት፤ ደጋና ጥላ። ዘር የላቸውም፣ ግብራቸው ግን አንድ ነው። ሂናን የሚያቀላው ላውሶን የሚባል ንጥረ ነገር በእንሶስላ የቅርብ ዘመድ በኢምፓሺየንስ ባልሳሚና ውስጥም ይገኛል። የኮሪያ ልጃገረዶች ጥፍራቸውን የሚያቀሉት በእሷ ነው።

ዛሬ ሁለቱንም እየገፋ የመጣው «ጥቁር ሂና» የሚባለው ነው። በደቂቃዎች ይጠቁራል፣ ማደር አይጠይቅም። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቁረው ግን ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። የእህቴ ልጅ ለጓደኛዋ ሠርግ ተቀብታው እጇ ውኃ ቋጥሮ ሳምንት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር። እንሶስላን ፍለጋ የወጣሁትም ያን ጊዜ ነው። አበባው ሰበብ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከማዳበሪያው ላይ ያልተቆረጡ፣ ያልደረቁ አራት ሥሮች መረጥኩ። የእኔ ጓሮ ጓሮ ከተባለ፣ በቤቱ ግድግዳና በጎረቤቴ ቆርቆሮ አጥር መካከል ያለች ሁለት ክንድ የማትሞላ መተላለፊያ ናት። ፀሐይ የምታያት ጧት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቲማቲሙም ጽጌረዳውም እምቢ ብሎኛል። እንሶስላ ግን ግንዷ ውኃ የቋጠረ፣ ቅጠሏ ሰፊና ስስ ነውና የቀትር ፀሐይ ያጠወልጋታል። አፈሩን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ሥሮቹን አንድ ስንዝር ያህል አርቄ ቀበርኳቸው። አንዱ በሰበሰ። ሦስቱ ሰኔ ላይ ብቅ አሉ፤ ነሐሴ ላይ ደረቴ ደረሱ። እስከ ሁለት ሜትር የምትመዘዝ ተክል ናት።

አበባው የወጣው በመስከረም መጀመሪያ ነው። ቀን ላይ ብዙም አይሸትም። አመሻሹ ላይ ግን፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ ቆርቆሮውን ተሻግሮ ጎረቤቴን «ምን ሽቶ ነው የረጫችሁት?» የሚያሰኝ መዓዛ ነበረው። ዘሩ ሲበስል ፍሬውን ነካ ሲያደርጉት ተፈናጥሮ ይበተናል። ኢምፓሺየንስ፣ ትዕግሥት የለሽ፣ ያሰኛት ይኸው ጠባይዋ ነው። ሰባቱን ዘር ከአጥሩ ሥር ለቅሜ አስቀምጫለሁ።

አንዷን አበባ በብርጭቆ ውኃ ይዤ ወደ እማማ ሄድኩ። አገላብጠው አዩዋት፣ አሸተቷት፣ ጭራዋን በጣታቸው ለኩ።

«ሥሯስ?» አሉኝ።

«መሬት ውስጥ ናት። በጋ ቅጠሉ ይረግፋል፣ እሷ ትተኛለች።»

«እንግዲህ ሚያዝያ ላይ ለልጄ ሠርግ አንዷን ትሰጠኛለህ» አሉ፤ ብርጭቆውንም አልመለሱልኝም።