ገመዱን የያዘው እጅ፦ ፈሪ ቡችላን የማለማመድ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ፈገግ ያሉ ባልደረቦች እንደነበሩ አውቃለሁ። በዚህ አዳራሽ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ንግድ መስመርና ስለ ጦርነት መነጋገር ልማዳችን ነው፤ ስለ ቡችላ ስንነጋገር ግን ይህ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ወደዚህ ርእስ እንዴት እንደ ደረስሁ አስቀድሜ ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳስብ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ቡችላ ወደ ቤታችን መጣች። ዕድሜዋ አራት ወር ገደማ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ በአንድ ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተከለለ ጠባብ ስፍራ ያደገች፣ ፍርፋሪ ከሚጥልላት ሰው በቀር ሌላ ሰው ያልለመደች ነበረች። ልጆቼ ከቆዩት የአገራችን የውሻ ስሞች መርጠው «መቻል» አሏት። በሦስተኛው ቀን የአንገት ማሰሪያ አጥልቄ፣ ገመድ አስሬ ወደ ውጭው በር መራኋት። «መራኋት» ማለቴ እንኳ ለራሴ ማድላት ነው፤ ጎተትኋት። አራት እግሯን ተክላ ቆመች፤ ቀጥላ በሆዷ ተኛች፤ ጅራቷን ሸጉጣ ተንቀጠቀጠች፤ ሽንቷም አመለጣት። እኔ ግን «አንዴ ከወጣች ትለምዳለች» ብዬ ገመዱን አጥብቄ ሳብሁ። አለመደችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገመዱን ከተሰቀለበት ሳነሣ ባየች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባ ጀመር።

የታሪክ ሰው መላ ሲያጣ ወደ ምንጮች ይመለሳል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የሰው ልጅ ውሻን በገመድ ይዞ መሄድ ከጀመረ ሺሕ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ገመድ አይቶ የማያውቀውን፣ ያውም የፈራውን እንስሳ የመጀመሪያዋን እርምጃ ያራመደው ማን ነው? በምንስ ዘዴ? የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ገመዱ በምንጮቻችን ውስጥ ተርፏል፤ ገመዱን የያዘው ታጋሽ እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል። ያን እጅ ካልፈለግነው የገመዱን ታሪክ የጉልበት ታሪክ ብቻ አድርገን እናነበዋለን፤ በተግባርም እኔ የተሳሳትሁትን እንሳሳታለን።

ከጥንቱ ማስረጃ ልጀምር። በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ሹወይሚስና ጁባ በተባሉ ስፍራዎች፣ ቀስት የያዙ አዳኞች ከውሾቻቸው ጋር በዐለት ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከአንዳንዶቹ ውሾች አንገት ተነሥቶ እስከ አዳኙ ወገብ የሚደርስ መስመር አለ። የዐለት ቅርጽን ዕድሜ መወሰን አስቸጋሪ ቢሆንም አጥኚዎቹ ከስምንት ሺሕ ዓመት በላይ ሊሆነው እንደሚችል ገምተዋል። መስመሩ በእርግጥ ገመድ ከሆነ፣ እስካሁን ከታወቁት የውሻ ገመድ ምስሎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ሊሆን ይችላል። በግብፅ ደግሞ በ1899 በነገሥታት ሸለቆ በተገኘው የማይኸርፕሪ መቃብር ውስጥ ሁለት ያጌጡ የቆዳ የአንገት ማሰሪያዎች ነበሩ፤ በአንደኛው ላይ የውሻዋ ስም ተጽፏል።

ተማሪዎቼ እነዚህን ማስረጃዎች እንደ ምንጭ ተመራማሪ እንዲያዩአቸው እፈልጋለሁ። በዐለቱ ላይ ያለው ውሻ አስቀድሞ የለመደ ውሻ ነው። በሆዱ ተኝቶ አልሄድም ያለበትን ቀን የቀረጸ ሠዓሊ የለም። ቆዳው ሦስት ሺሕ ዓመት ሲቆይ፣ ቆዳውን በእርጋታ ያጠለቀው ሰው ድካም ግን የሚታይ ምልክት አልተወም። ምንጮቹ ውጤቱን ይነግሩናል፤ ሂደቱን ይደብቁናል።

ሁልጊዜ ግን አይደብቁም። በ1914 በጀርመን፣ በቦን አቅራቢያ በኦበርካሰል፣ ከሁለት ሰዎች ጋር የተቀበረ ወጣት ውሻ አጽም ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ አሥራ አራት ሺሕ ዓመት ይጠጋል። በ2018 የታተመ ጥናት የውሻውን ጥርሶች መርምሮ፣ ቡችላ ሳለ ምናልባት ዲስተምፐር በተባለው ከባድ በሽታ ለሳምንታት እንደ ታመመ አመልክቷል። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ሊቆይ ባልቻለ ነበር። የታመመ ቡችላ ለአደን አይጠቅም፤ ለጥበቃም አይሆን። ሆኖም አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ራሱ በጥርስ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን።

የጽሑፍ ምንጮች ሲመጡ ነገሩ ትንሽ ይገለጣል። በዜኖፎን ስም በሚታወቀው ጥንታዊ የግሪክ የአደን ድርሰት ውስጥ፣ የውሻ የአንገት ማሰሪያ ጠጕሩን እንዳይልጠው ለስላሳና ሰፊ እንዲሆን ታዟል። ወጣት ውሾች በረጅም ገመድ ተይዘው፣ ዱካ የሚከተሉትን የለመዱ ውሾች እየተከተሉ እንዲማሩ ይመክራል። የውሻ ስም ደግሞ ለመጥራት እንዲቀል አጭር ይሁን ይላል። ለስላሳ ማሰሪያ፣ ረጅም ገመድ፣ የለመደ ጓደኛ፤ እነዚህ ሦስቱ ዛሬም የሚሠሩ ምክሮች ናቸው። እኔ ከዜኖፎን መመዘኛዎች ያሟላሁት የስሙን እጥረት ብቻ ነበር። ከዜኖፎን አምስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው ጉዳይ የጻፈው አሪያንም ሆርሜ ስለተባለችው ውሻው የሚናገረው ስለ ባልንጀራ እንደሚናገር ሰው ነው።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠውን ያስተማረኝ ግን የመካከለኛው ዘመን ምንጭ ነው። የፎይ መስፍን ጋስቶን ፌቡስ የአደን መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው በ1387 ነው። ጥቂት ዘግይቶም የዮርኩ መስፍን ኤድዋርድ መጽሐፉን እየጨመረ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከመሳፍንቱና ከአዳኞቹ በታች አንድ ሕፃን ይታያል። ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ይህ ልጅ የውሾቹን ስምና መልክ በቃሉ ያጠናል፤ ቤታቸውን ይጠርጋል፤ ገለባቸውንና ውኃቸውን ይለውጣል፤ ጧትና ማታ ወደ ፀሐይ ያወጣቸዋል፤ ሌሊት አብሯቸው ያድራል። ማሰሪያቸውን እንኳ ከፈረስ ጭራ የሚገምደው እርሱ ነው። የፈለግሁት እጅ ይህ ነበር። ውሻው ገመዱን ከማየቱ በፊት የልጁን ሽታ፣ ድምፅና እርምጃ ያውቃል፤ ገመዱ የሚመጣው ከመተማመኑ በኋላ ነው። የልጁ ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የውሾቹ ስም ሲጠና የእርሱን የጻፈለት አልነበረም።

ወደ ሃያኛው መቶ ዓመት ስንሻገር ጸሐፊው ይለወጣል፤ አዳኝ መስፍን ሳይሆን የፖሊስና የጦር አሠልጣኝ ይሆናል። ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት በ1910 ያሳተመው የሥልጠና መጽሐፍ ለዚህ መሠረት ጥሏል። ለሞስት ፍትሐዊ እንሁን፦ ሽልማትም ሆነ ቅጣት ከድርጊቱ ጋር በቅጽበት መገጣጠም እንዳለበት፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ከማስፋፋታቸው በፊት ተረድቶታል። ይሁን እንጂ በእርሱ ዘዴ ገመድ ከሁሉ በፊት ማስገደጃ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ ተራው ቤት ሲገባ ከታወቁት መንገዶች አንዱ አሜሪካዊው ዊሊያም ኬለር በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እኔ መጻሕፍቱን ሳላነብ ዘዴያቸውን በግቢዬ ፈጽሜዋለሁ። እዚህም ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት በሚፈታበት ግቢ ነውና፣ ገመድ ሲባል የሚታየን ማሰር እንጂ አብሮ መሄድ አይደለም።

አሁን ወደ ሳይንሱ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያነበብሁት ጥናት አስደነገጠኝ። በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልየት የተባሉ ተመራማሪዎች በታወቀ ሳይንሳዊ መጽሔት ባወጡት ጥናት ቡችላዎችን በአጥር በተከለለ ሜዳ አሳደጉ። አንዳንዶቹን በተለያየ ዕድሜ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አገናኟቸው፤ ሌሎቹን ግን እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ከሰው አራቋቸው። በኋላ ከተፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ በገመድ መሄድ ነበር። ከሰው ርቀው የቆዩት እጅግ ፈሪዎች ሆኑ፤ አንደኛዋ ለወራት ብትዳበስና ብትመገብም ለውጧ ጥቂት ነበር። በ1965 የታተመው የስኮትና የፉለር ትልቅ ሥራም ለቡችላ ከሰው ጋር መላመድ ወሳኙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አጸና። መቻል እኔ ዘንድ ስትመጣ አሥራ ስድስት ሳምንት ያህል ሆኗት ነበር። ያን ሌሊት መጽሐፉን ዘግቼ «በሩ ተዘግቶባታል ማለት ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መልስ ያገኘሁት ወደ ኋላ ተመልሼ ነው። በ1917 ኢቫን ፓቭሎቭ ከአንድ ረዳቱ ጋር ስላስቸገራቸው ውሻ ተናግሯል። ውሻው በቤተ ሙከራው መቆሚያ ላይ ሲታሰር ይታገላል፤ ምራቁም ያለማቋረጥ ይዝረከረካል። ተመራማሪዎቹ ነገሩን «የነጻነት ምላሽ» ብለው ጠሩት። የወሰዱት እርምጃ ምግቡን በዚያው መቆሚያ ላይ ብቻ መስጠት ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ብቻ በላ፤ እየቆየ ግን ድርሻውን ሁሉ መብላት ጀመረ፤ ትግሉም በረደ። ያ ውሻ ከምግቡ በቀር አማራጭ አልተሰጠውምና ዘዴውን ለአርአያነት አላቀርበውም፤ የሚያስረዳን ግን አለ፤ የሚያስፈራው ነገር ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል ይፈራ የነበረን ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳይታ፣ ቀስ በቀስ እያቀረበች በመጨረሻ እስኪዳብሳት አደረሰችው። ፍርሃቱን በትእዛዝ አላስወጣችውም፤ ርቀቱን ግን በእርሱ አቅም ለካች።

በዚያው በ1924 ግን ማስጠንቀቂያም አለ። ሌኒንግራድን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የፓቭሎቭን ውሾች ለመስጠም አደረሳቸው። ከዳኑት መካከል አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ የተማሩትን አጡ፤ ከተመለሰላቸውም በኋላ ጥቂት ውኃ በበር ሥር ሲገባ ያየ ውሻ እንደ ገና ተረበሸ። ለወራት የተገነባ ልምድ በአንድ አስፈሪ ቀን ይፈርሳል ማለት ነው። የእኔ ሦስተኛ ቀን ለመቻል የጎርፍ ቀኗ ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። በአንገት ማሰሪያው ፈንታ በደረቷ ዙሪያ የሚያልፍ ሰፊ ማሰሪያ አዘጋጀሁ። ለአንድ ሳምንት ማሰሪያው ከምግብ ሳሕኗ አጠገብ ተቀመጠ፤ ማንም አላጠለቀላትም። ቀጥሎ ለጥቂት ደቂቃ አጥልቄ፣ የሥጋ ቁራጭ ሰጥቼ አወለቅሁ። ከዚያ ቀላል ገመድ አስሬ፣ እንዳይጠላለፍባት ዐይኔን ሳልነቅል፣ ሳሎን ውስጥ እየጎተተችው እንድትዞር ተውኋት። ገመዱን በእጄ የያዝሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ላልቶ። እርሷ ወደ ሄደችበት እኔ ተከተልሁ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ስትመጣ ቁራጯን አገኘች። ጆሮዋን ስትጥል፣ ከንፈሯን ስትልስ፣ ሳይደክማት ስታዛጋ፣ በተለይም ሥጋ እምቢ ስትል፣ ከአቅሟ በላይ እንደ ጠየቅኋት ተረዳሁና ወደ ኋላ ተመለስሁ። ስትቆም ቆምሁ፤ አልሳብሁም። ልምምዱ በቀን ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ወደ መንገድ የወጣነውም ሐኪም አማክረን፣ የእብድ ውሻ በሽታን ጨምሮ ክትባቷን ካስከተብን በኋላ፣ መኪና በማይበዛበት ማለዳ ነው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉትን በዚህ ዕድሜዬ በአንዲት ቡችላ ተማርሁት።

ከዚህ ሁሉ «የቀድሞዎቹ ጨካኞች፣ የዛሬዎቹ ርኅሩኆች» የሚል መደምደሚያ እንዳታወጡ አደራ እላለሁ። ለስላሳው ማሰሪያ የዜኖፎን ነው፤ ሌሊቱን አብሮ ያደረው ልጅ የአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ነው፤ የማስገደጃው መጽሐፍ ደግሞ ከአያቶቻችን ዘመን አይርቅም። ሁለቱ እጆች በየዘመኑ ጎን ለጎን ኖረዋል። በቀጥታ መጽሐፍ የጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አዛዡ እንጂ የሚያስታምመው አይደለም። የጥናት ወረቀታችሁን ስትጽፉ፣ በአንድ ምንጭ ውስጥ ገመድ፣ ልጓም ወይም ቀንበር ባያችሁ ቁጥር እንስሳውን በመጀመሪያው ቀን ያለማመደው ማን እንደ ነበር ጠይቁ። መልሱ በአርእስቱ ላይ አይገኝም፤ ገለባ በሚለውጠው ሕፃን፣ በወጪ መዝገብ ዳር፣ አንዳንዴም በጥርስ ላይ ይገኛል።

መቻል ከመጣች ስድስት ወር አልፏታል። ዛሬ ጧት ገመዱን ሳነሣ ከአልጋው ሥር አልገባችም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። እስከ ሰፈራችን ሱቅ ድረስ ገመዱ ሳይወጠር ሄድን። ከዚያ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ ሲያልፍ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። አጠገቧ ቆምሁ። ጥቂት ቆይተን ወደ ቤት ተመለስን፤ ዋናውን መንገድ ገና አልተሻገርንም።