ስለ ፖስታ ቴምብር ቤተ መዘክር

ከአፍ የወጣ ቃል ነፋስ ይወስደዋል፤ በጽሕፈት የታሰረ ግን ባለቤቱ በሌለበት ስፍራ ቆሞ ይናገራል። በቀድሞ ዘመን ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ተይዞ፥ በመልእክተኛ እግር ተራራውንና በረኻውን እያቋረጠ ይሄድ ነበር። ዋሱም የላኪው ማኅተምና የመልእክተኛው ታማኝነት ነበረ።

ዳግማዊ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ በመንግሥት ስም እንዲቆም አዘዙ። ቴምብሩም በፓሪስ ታተመ፤ ቅርጹን የሠራው ፈረንሳዊው ዩጂን ሙሾን ነው። ከሰባቱ ዐይነት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ ሦስቱ የአንበሳ ሥዕል አለባቸው። የዚኽን ኹሉ ታሪክ መፈለግ የሚወድ ሰው፥ በዐዲስ አበባ በዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ወዳለው የፖስታ ቤተ መዘክር ይኺድ።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይኽን አስተውል። ያ ቴምብር የሚታወቀው በአገሩ ውስጥ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በዓለም የፖስታ ኅብረት ገና ስላልገባች፥ ወደ አውሮጳ የሚኼድ ደብዳቤ በጅቡቲ የሚሠራበት የፈረንሳይ ቴምብር ሊጨመርበት ግድ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ያደረገ መንግሥት፥ ደብዳቤው ግን በሌላ መንግሥት ቴምብር ካልተረዳ ባሕር አይሻገርም ነበር። ይኽም ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ከኅብረቱ እስክትገባ ድረስ ቆየ።

በቴምብሩ ላይ የተጨመረው ጽሕፈትም ሌላ ነገር ያስተምራል። በፈረንጆች 1901 ዓመት የኢትዮጵያ ስም በላቲን ፊደል፥ በ1902 «ቦስታ»፥ በ1903 «መልክት» የሚል ማኅተም ተመታበት። አገሩ ለዐዲሱ ሥራ ስም ሲፈልግ በዚኽ ይታያል፤ አስቀድሞ የእንግዳውን ቃል ተቀበለ፥ ቀጥሎ የራሱን አቀረበ። በመጨረሻ ግን ሕዝቡ ቤቱን «ፖስታ ቤት» አለው፤ «መልእክት» የሚለውም ለሚላከው ነገር ቀረለት።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሩን በያዘች ጊዜ በገዛ ንጉሧ መልክ ቴምብር አወጣች፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቴምብር ተመልሶ ወጣ። ስለዚኽ ያች ትንሽ ወረቀት የማን አገር እንደ ኾነ የምትመሰክር ናት።

እንግዲኽ በየቤቱ ሣጥን የአባቶቹ ደብዳቤ ያለው ሰው፥ ቴምብሩን ብቻ ቀዶ አያውጣ። የፖስታው ማኅተም ቀኑንና ስፍራውን ይናገራልና፥ ቴምብሩን ከደብዳቤው መለየት ምስክሩን ከነገሩ መለየት ነው።