የሁለት ድንኳኖች አማና

ነርስነት የሚማር አንድ ወጣት «የነርስ ሥነ ምግባር የፈረንጅ ትምህርት አይደለም እንዴ?» አለኝ። አይደለም ወንድሜ።

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኽንደቅ ጦርነት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ሲመታ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂዳቸው ውስጥ ወደነበረው የሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ድንኳን እንዲወሰድ አደረጉ። ሩፈይዳ ቁስለኛን የምታክመው ከአላህ አጅር ፈልጋ ነበር፤ በተለይ የሚያስታምመው ያጣውን።

ሁለተኛው ድንኳን እኛው አገር፣ ገናሌ ወንዝ ዳር፣ መልካ ዲዳ ነበር። እዚያ በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ቁስለኞች ያክም ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡ። የቀይ መስቀል ምልክት ነበረ፤ ቦምቡ ግን ወረደ። የተኙ ሕሙማን አለቁ፣ ሐኪሙ ቆሰለ፣ ረዳቱ ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ። በሃይማኖት አንገናኝም፤ ውለታቸውን መካድ ግን ነውር ነው። ይህን ታሪክ ከነገሌ ልጆች ስንቱ ያውቀዋል?

ዛሬም ከቆላው እረኛ ታሞ ነገሌ ይመጣል። ጉጂ ይሁን፣ ቦረና ይሁን፣ ሶማሌ፣ አንዳንዱ አብሮት ዘመድ የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መርፌው ይሰጠው አይሰጠው የሚያውቁት አላህና ተረኛዋ ነርስ ብቻ ናቸው። ካርዱ ላይ «ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እሱ ደግሞ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም።