ቂብላ፣ ካርታ እና የይፋት ስሞች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬውን ንግግር የምንጀምረው ከሸዋ ሮቢት በደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂው ወጣት ነው። ቤተሰቡ አዲስ ቤት ሠርቶ በገባ ዕለት የሰላት ምንጣፉ ወደ የት ይዙር የሚል ክርክር ተነሣ። እሱ ስልኩን አውጥቶ የቂብላ መጠቆሚያውን ከፈተና «በዚህ ነው» አለ። አያቱ ግን በልጅነታቸው የቀሩበትን መስጂድ ሚሕራብ አስታውሰው «የለም ልጄ፣ በዚህ ነው» አሉ። ወጣቱ እንዲህ ሲል ጽፎልናል፦ «አያቴ ልክ ከሆኑ ስልኩ ለምን ተሳሳተ? ስልኩ ልክ ከሆነስ አባቶቻችን እስከ ዛሬ የሰገዱት ወዴት ነበር?»

ጥያቄው ከአንድ ቤት ምንጣፍ ያለፈ ነው። ካርታ ትናንት በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ነበር። ዛሬ በየወጣቱ ኪስ ገብቷል፤ ልጅን ከአያት ጋርም ያከራክራል። ስለዚህ ይህ አዲሱ ካርታ ምን ያውቃል? ምንስ ከእኛ መስማት ይቀረዋል? የሚለውን ከይፋት ታሪክ ጋር አያይዘን እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሦስት ቦታዎች

በመጀመሪያ አንድ ደስ የሚል ነገር እንናገር። የጂኦግራፊ አዋቂዎች ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ የሚያሰምሩትን መስመር ኬንትሮስ ይሉታል። መካ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.8 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። መዲና 39.6 ዲግሪ ላይ ነች። ሸዋ ሮቢትም 40 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው መስመር ላይ ናት። ሦስቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተሰልፈዋል ማለት ነው። መዲና ከመካ በስተሰሜን፣ ይፋት ከመካ በስተደቡብ ወደ 1,260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ።

የመዲና ሰው ሲሰግድ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። የይፋት ሰው ወደ ሰሜን ያዞራል። በመካከላቸው የተከበረው ካዕባ አለ። እንግዲህ በሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የቆመ ሰጋጅና በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ የቆመ ሰጋጅ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ፤ ሱብሓነላህ! ከአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን በ5 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ከሐረር ደግሞ በ10 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ። የይፋት ግን ቀጥ ያለ ሰሜን ነው ቢባል ስሕተቱ ከአንድ ዲግሪ አይበልጥም።

ይህን ያለ ስልክም ማወቅ ይቻላል። በጠራ ሌሊት የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ኮከቡ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከአካባቢው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ሸዋ ሮቢት በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማስ ላይ ብታሳርፉት ኮከቡ ከጭብጣችሁ በላይ ጫፍ አካባቢ ይገኛል። ወደ ዘይላዕና ወደ ታጁራ የሚወርዱት ነጋዴዎቻችን ሌሊት ሲጓዙ መሪያቸው ሰማዩ ነበር። ከዋክብት ለመንገደኛ መሪ መሆናቸውም በቁርኣን በአን-ነሕል ምዕራፍ ተወስቷል።

ዑለማዎችና ካርታ

ካርታ የፈረንጅ ጥበብ ብቻ ለሚመስለው ወንድማችን ጥቂት ታሪክ እናስታውሰው። ከ813 እስከ 833 (እ.ኤ.አ) የገዙት ኸሊፋ አል-መእሙን አዋቂዎችን ወደ ሲንጃር ሜዳ ልከው የምድርን የአንድ ዲግሪ ርዝመት አስለክተዋል። በእርሳቸው ዘመን የነበሩት አል-ኸዋሪዝሚ ከ2,400 በላይ ቦታዎችን ከነኬክሮሳቸውና ከነኬንትሮሳቸው በመጽሐፍ መዝግበዋል። አል-ቢሩኒ በ416 ሒጅራ (1025 እ.ኤ.አ) በጻፉት መጽሐፍ የጋዝና ከተማ ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ ለማስላት ሲሉ የከተሞችን ርቀት አንድ በአንድ መርምረዋል። ቂብላን ማወቅ ግዴታ ስለነበረ ምድርን መለካትም የዲን አገልግሎት ሆነ።

በ548 ሒጅራ (1154 እ.ኤ.አ) አል-ኢድሪሲ ለሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር የዓለምን ካርታ በብር ሰሌዳ ላይ አስቀረጹ፤ ከ70 ክፍል ካርታዎች ጋር መጽሐፍም ጻፉ። የእርሳቸው ካርታ ላይኛው ጫፍ ደቡብ ነበር። ዛሬ የምናያቸው ካርታዎች ላይኛው ጫፍ ሰሜን ነው። ሁለቱም ስምምነት እንጂ የምድር ሕግ አይደለም። በይፋት ግን ዛሬ ያለውን ካርታ ዘርግቶ ፊቱን ወደ ካርታው ራስጌ አቅጣጫ የሚያዞር ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሯል።

በመንገደኛ አፍ የተሣለች ይፋት

የይፋት ሱልጣኔት ከ684 ሒጅራ (1285 እ.ኤ.አ) ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር ኃይሉ የገነነ መንግሥት ነበር። ግዛቱ ከሸዋ ደጋ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ዘይላዕ ወደብ ይደርስ ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ የይፋትን ካርታ ማን ሣለው?

በማምሉክ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያገለገሉትና በ749 ሒጅራ (1349 እ.ኤ.አ) ያረፉት አል-ዑመሪ ስለ ይፋት ጽፈዋል። እርሳቸው ሐበሻን ረግጠው አያውቁም። የጻፉት ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒይ ከተባሉ የዚሁ አገር ዓሊምና ከነጋዴዎች ጠይቀው ነው። ሰባቱን የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ሲዘረዝሩ የእያንዳንዱን ስፋት በቀን ጉዞ ለኩት፦ ይፋት በርዝመት 15 ቀን፣ በወርድ 20 ቀን ያስኬዳል፤ ዳዋሮ 5 በ2፤ ባሊ 20 በ6 እያሉ። የይፋትንም ዋና ዋና ከተሞች በስም ጠቀሱ፤ ሸዋና ዐደል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ልብ በሉ፤ ይህ ካርታ መስመር የለውም፣ ቀለም የለውም። በእግሩ የሄደ ሰው አፍና የሚጠይቅ ሰው ብዕር ሲገናኙ የተገኘ ነው። ያ የዘይላዕ ሸይኽ ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ ስለ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይፋት የምናውቀው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር።

ስም የሌለው ፍርስራሽ

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን በዘይላዕ ከተገደሉ በኋላ ልጆቻቸው ወደ የመን ተሰደዱ፤ ሲመለሱም መንግሥታቸውን በምሥራቅ በኩል በዐደል ተከሉ። የይፋት የድንጋይ ከተሞችም ከጊዜ በኋላ ሰው አልባ ሆኑ፤ ቁጥቋጦ ዋጣቸው።

ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ) አጋማሽ ጀምሮ ፍራንሷ-ግዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ኢርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በይፋትና በአርጎባ ምድር ጥናት አካሄዱ። አስባሪ፣ መሳል፣ ኖራ በተባሉ ቦታዎች ያሉትን የድንጋይ ከተሞች መስጂዶች፣ ቤቶችና መቃብሮች መዝግበው አሳተሙ። በአውፋት ደግሞ በአረብኛ የተቀረጹ የወላስማ ሱልጣኖች የመቃብር ድንጋዮችን አነበቡ። አካባቢው ሕዝብ ግን እነዚህን ቦታዎች ቀድሞም ያውቃቸዋል፤ ወደ ፍርስራሹ የመራውም የአካባቢው ሰው እግር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። አል-ዑመሪ ከጻፏቸው የይፋት ከተሞች ውስጥ መሬት ላይ የት እንደነበሩ ያልታወቁ አሉ። በምድሩ ላይ ከቆሙት ፍርስራሾች መካከልም በዘመናቸው ማን ተብለው እንደሚጠሩ ያልታወቁ አሉ። በመጽሐፍ ውስጥ ቦታ የሌለው ስም፣ በተራራው ጥግ ስም የሌለው ቦታ ቀርተዋል። ድንጋዩ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ሲቆም ስሙ መሐል ላይ ጠፋ። ስም የሚጠፋው ከአባት ወደ ልጅ ማለፉን ባቆመ ዕለት ነው።

ከወረቀት ወደ ስልክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡ አውሮፓውያን በዚሁ የነጋዴዎች መንገድ ነበር የወጡት። ቻርልስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1842 (እ.ኤ.አ) በአልዩ አምባ ተቀምጦ የአርጎባ ነጋዴዎችን ኑሮ ጽፏል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣርማ በር ዋሻ ተበሳና የመኪናው መንገድ በቆላው በኩል ወደ ደሴ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ በመኪና መንገዱ ላይ ያሉት እነ ሸዋ ሮቢት ሲደምቁ፣ በግመልና በበቅሎ መንገድ ላይ የነበሩት የተራራው ጥግ መንደሮች ከካርታው ዳር ቀሩ።

ቀጥሎ የአገራችን የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በ1:50,000 ልኬት ካርታዎችን አዘጋጀ። በዚህ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ወረቀቱ ግን በመሥሪያ ቤትና በምሁራን እጅ የሚገኝ እንጂ በገበሬው ቤት የሚገባ አልነበረም። ዛሬ ያ ሥራ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ2000 (እ.ኤ.አ) ወዲህ ነው። አሜሪካ በዚያ ዓመት የጂፒኤስ ሳተላይቶቿን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን አቆመች። በ2004 ማንም ሰው የሚያውቀውን ቦታ የሚጨምርበት ኦፕን ስትሪት ማፕ ተጀመረ፤ በ2005 ጎግል ማፕ ተከተለ። ዛሬ አንድ ወጣት በሸዋ ሮቢት ገበያ ቆሞ የተራራውን ጥግ ከሰማይ ያያል። የጅረቱን ቅርጽ፣ የእርሻውን ድንበር፣ የቤቱን ቆርቆሮ ሳይቀር ያያል። ስሙን ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። ሳተላይት ድንጋዩን ያያል እንጂ ድንጋዩ ማን እንደሚባል አይሰማም።

ስልኩና ሚሕራቡ

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ስልኩ ሁለት ነገር ይሠራል። ካዕባ የት እንደሆነ በስሌት ያውቃል፤ በዚህ አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ግን ውስጡ ባለ ትንሽ የኮምፓስ መሣሪያ ነው የሚያውቀው። ይህ መሣሪያ በብረት ይታለላል። ቆርቆሮ፣ የግድግዳ ፌሮ፣ የብረት በር፣ መኪና፣ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲሆን ይስታል። ስለዚህ ስልኩን ከቤት አውጥቶ ከብረት ራቅ ብሎ መሞከር፣ ወይም መርፌውን ትቶ ከቤቱ ወደ መካ የተሰመረውን መስመር በካርታው ላይ ማየት ይሻላል።

ከሁሉም የተሻለ ማረጋገጫ ደግሞ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። ይህም ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ እንዲሁም ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ነው። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ፤ ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር ብታዩ ቂብላ ያ ነው።

ትንሽ ልዩነት ግን ለጠብ አያበቃም። በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው ቂብላ መሆኑን የሚገልጽ ሐዲስ ቲርሚዚ ዘግበዋል፤ የተነገረውም ከካዕባ በሩቅ ለነበሩት ለመዲና ሰዎች እንደሆነ ዑለማዎች ያብራራሉ። ብዙዎቹ ዑለማዎች ካዕባን ለማያይ ሰው ጥሮ አቅጣጫውን መያዝ ይበቃዋል ብለዋል። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። በስልክ መርፌ ተነሥቶ የአባቶችን ሰላት ከንቱ ማለት ግን ድፍረት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህን መልስ ለወጣቱ ልከንለት ነበር። በሁለተኛው መልእክቱ የሰላት ክፍሉ ቆርቆሮ ለበስ መሆኑን ነገረን። ስልኩን ይዞ ከአያቱ ጋር ወደ ማሳው ዳር ወጡ፤ መርፌው አያቱ ካሉት ጋር ገጠመ። ከዚያ አያቱ ስልኩን ተቀብለው ተራራውን ከሰማይ አዩት፤ ጣታቸውን እያሳረፉ «ይህ እገሌ የሚባል ወንዝ ነው፣ ይህ የሸይኾቹ መቃብር ነው፣ በዚህ ነጋዴ ያድር ነበር» ይሉ ጀመር። በስልኩ ላይ ግን አንዱም ስም አልተጻፈም ነበር።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች፤ ጉዳዩ ይህ ነው። እነዚህ አያት ነገ ወደ ጌታቸው ሲሄዱ ስሞቹ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ የዕረፍት ቀን መድቡ። ደብተር ያዙ፤ የወንዙን፣ የኮረብታውን፣ የድሮውን መስጂድ፣ የቁርኣን ቤቱን ስም ከነምክንያቱ ጻፉ። በአንድ ሽማግሌ ቃል ብቻ አትወሰኑ፤ ሁለትና ሦስት ሰው ጠይቁ። ሰዎች አንዱን ቦታ በአማርኛ፣ በአርጎብኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ የሚጠሩት ከሆነ ሁሉንም መዝግቡ፤ የአንዱን ስም ፍቆ የራስን መጻፍ አማና አይደለም። ስም ለመታወቂያ ነው እንጂ ለወሰን ጠብ አይደለም። የጥንት መቃብርና ፍርስራሽን ግን በስልክ ከማወጃችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን አማክሩ፤ ሀብት ፈላጊ እንዳይቆፍረው።

ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒይ ለጠያቂያቸው ስለተናገሩ ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ይፋትን እናነባለን። የዛሬው ጠያቂ ከካይሮ አይመጣም፤ በቤታችሁ ያለው ልጅ ነው። እሱ ይጠይቅ፣ እናንተም ንገሩት።

አላህ (ሱ.ወ) ፊታችንን ወደ ቂብላው፣ ልባችንንም ወደ ውዴታው የምናዞር ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።