የአሜሪካን ኮንግረስ የትኛው ፓርቲ ይይዛል? ትንበያው የሚሠራው እንዲህ ነው

የአሜሪካ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው በግምት ይሞላል። አንዱ ሪፐብሊካኖች ጠራርገው ይወስዱታል ይላል፤ ሌላው የዴሞክራቶችን ድል ከወዲሁ ያበስራል። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያን የሚመለከተው ኤችአር 6600 የተባለ ረቂቅ ምን ያህል እንዳነጋገረን አንባቢ ያስታውሳል። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። አፈ ጉባኤውም የኮሚቴ ሰብሳቢዎቹም ከአብላጫው ፓርቲ ስለሚሆኑ፣ የትኛው ረቂቅ ለድምፅ ቀርቦ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው፤ አብላጫው 218 ነው። ሁሉም በየ2 ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል። ከ100 የሴኔት አባላት ግን በየ2 ዓመቱ የሚመረጠው ሲሶው ገደማ ነው።

ተንታኞች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከታሪክ ነው። በፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመን አጋማሽ በሚካሄድ ምርጫ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ያጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከዚህ ያፈነገጡት 1998 እና 2002 ብቻ ናቸው። ነገር ግን ማጣትም ደረጃ አለው። በ2010 የኦባማ ፓርቲ 63 መቀመጫ ሲያጣ፣ በ2022 የባይደን ፓርቲ ይጠረጋል ተብሎ ሪፐብሊካኖች የያዙት 222 ብቻ ሆነ፤ ሴኔቱም ከዴሞክራቶች እጅ አልወጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሲያነብ ነው። 1,000 ሰው የተጠየቀበት ጥናት ለእያንዳንዱ ፓርቲ ድርሻ በ3 ነጥብ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት ይችላል። በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ያለው ልዩነት ሲሰላ ስሕተቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በ2 ነጥብ መምራት እንደ መምራት አይቆጠርም። የጥናቶችን አማካይ መውሰድ ይረዳል፤ ሆኖም ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ አማካዩም አብሮ ያዘነብላል። በ2020 ዴሞክራቶች መቀመጫ ይጨምራሉ ሲባል ከ10 በላይ ያጡት እንዲህ ባለ ዓመት ነው።

ከሁሉም በላይ ካርታውን ማየት ይገባል። በ2012 ዴሞክራቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብልጫ ያለው ድምፅ አግኝተው ሳለ ሪፐብሊካኖች 234 ለ201 አሸንፈዋል። ምክንያቱ አንድም የዴሞክራት መራጮች በከተሞች መታጨቃቸው ነው፤ አንድም በብዙ ግዛቶች የምርጫ ክልል ወሰን የሚያሰምሩት ራሳቸው ፖለቲከኞች መሆናቸው ነው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለፓርቲ ጥቅም ሲባል የተሰመረ ወሰን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚዳኝ ጉዳይ አይደለም ብሏል። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ የሕዝብ ቆጠራ ሳይጠብቅ ካርታውን ለሪፐብሊካኖች በሚያመች መልኩ ሲቀይር፣ የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር ወር ለዴሞክራቶች የሚያመች ካርታ በማጽደቅ መለሱ። በእኛ አስተያየት ይህ መራጭ ተመራጩን ሳይሆን ተመራጩ መራጩን የሚመርጥበት አሠራር ነው።

ሴኔቱም የራሱ ካርታ አለው። በ2018 ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 40 ያህል መቀመጫ ሲጨምሩ በዚያው ምርጫ በሴኔት 2 አጥተዋል፤ በዚያ ዓመት ለምርጫ ከቀረቡት የሴኔት መቀመጫዎች አብዛኞቹ የእነሱው ነበሩና።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ኢልሃን ዑመርና ረሺዳ ጠሊብ በዚያው ዓመት የተመረጡት ለዴሞክራቶች አስተማማኝ ከሆኑ ክልሎች ነው። እነሱ ማሸነፋቸው አብላጫውን ማን እንደሚይዝ አይነግረንም። የሚነግሩን ሁለቱ ፓርቲዎች የሚተናነቁባቸው ጥቂት ደርዘን ክልሎች ናቸው። በነገራችን ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምክር ቤቱ የምትልከው ተወካይ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም፤ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ጎረቤቶቿ ግን ድምፅ አላቸው።

ተንታኝ "70 በመቶ" ካለ፣ ከ10 ጊዜ በ3ቱ ሌላው ወገን ያሸንፋል ማለቱ ነው። በውርርድ ገበያዎች የሚወጣው ቁጥርም በተመሳሳይ መንገድ ይነበባል፤ ገንዘብ ማስያዙ ግን ቁማር ስለሆነ አንባቢ ቁጥሩን ከማየት አይለፍ።

የምርጫው ሌሊት ራሱ ላይበቃ ይችላል። ካሊፎርኒያ በፖስታ የሚላኩ ድምፆችን ቆጥራ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅባታል። በ2022 ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 8 ነበር፤ ሪፐብሊካኖች 218ኛውን መቀመጫ ማግኘታቸው በዜና የተነገረው ኅዳር 16 ነው።