አሸቦ፦ ከደንከል እስከ መቱ

ጨው በኦሮምኛ ሶጊዳ ነው፤ አሻቦም ይባላል። አማርኛውም አሸቦ አለው፤ ተጠርቦ አሞሌ የሚሆነው ሳይሆን ያልተፈጨው ጥሬ ጨው ነው። ይህን ቃል ከግዕዝ ለማውጣት መድከም አያስፈልግም። የግዕዙ ጼው ነው፤ እርሱ የጨው ዘመድ ነው። አሸቦን ፍለጋ ወደ አፋር መውረድ ይሻላል። አፋሮች ጨውን ዐስቦ፣ ሶማሌዎች ዑስቦ ይሉታል። መነሻዋ ዐ ከጉሮሮ የምትወጣ ናት፤ አማርኛ ያንን ድምፅ ስለተወው በአ ተተካች፣ ስ ደግሞ ወደ ሸ ዞረ።

ኦሮምኛ የአፋርና የሶማሌ የኩሽ ዘመድ ነውና አሻቦን ከጥንት ወርሶታል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከነጋዴ ጋር የገባ ይመስለኛል። አሻቦ ከአፋሩ ይልቅ ለአማርኛው ይቀርባል፤ ሶጊዳም ቦታውን አልለቀቀም።

ቃሉ የተነሣበት የአፋሩ ደንከል ራሱ የባሕር ቅሪት ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደውን ይህን ሜዳ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ሞልቶት ነበር። በዳርቻው ደርቆ የቀረው የኮራል ድንጋይ ምስክር ነው። ውሃው ከባሕሩ ሲቆረጥ ተነነ፤ ጨው ቀረ።

ዋናው ባሕርም ተፈትኗል። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በበረዶው ዘመን፣ ውቅያኖስ በ120 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የባሕር ደፍ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ስለሆነ መግቢያው ሊዘጋ ጥቂት ቀረው። ዛሬ በኪሎ ውሃ 40 ግራም ገደማ የሆነው ጨው ያኔ ከ50 በላይ ወጣ። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ባለዛጎሎች ጠፉ፤ በወለሉ ደለል ውስጥ ዛጎላቸው የሚጎድልበት ድርብ ይታያል። በረዶው ቀልጦ የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ በባብ ኤል መንደብ እንደ ልቡ ሲገባ ግን ተመለሱ፤ ከድርቡ በላይ ያለው ደለል እንደገና በዛጎል ይሞላል።

አሻቦ ወደ ምዕራብ እንዴት ደረሰ? መቱ ያለችበት የኦሮሞ አገር ኢሉባቦር ለጨው ሁለት በር ነበራት። አሞሌው ከምሥራቅ በአህያና በበቅሎ ይመጣል። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ደግሞ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች። ክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላ ከሱዳን የሚወጡት መርከቦች ጨው አራግፈው በጎሬ መንገድ የወረደ ቡና ይጭኑ ነበር። አሻቦ የአፋር ስም እንጂ የወንዙ ንግድ ስም አይደለም፤ መርከቡ ከመድረሱ በፊት በምሥራቁ በር ገብቶ ሳይሆን አይቀርም።