የልቀት ግብይት

የልቀት ግብይት ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች ወደ አየር የሚለቁትን በካይ ጋዝ በገበያ አማካይነት የመገደቢያ ዘዴ ነው። መንግሥት በመጀመሪያ በዓመት ውስጥ በጠቅላላ ሊለቀቅ የሚችለውን መጠን ይወስናል፤ ይህ «ጣሪያ» ይባላል። ጣሪያው በቶን ተከፋፍሎ በፈቃድ መልክ ለድርጅቶች ይታደላል ወይም በጨረታ ይሸጣል። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ድርጅት የለቀቀውን ያህል ፈቃድ ለመንግሥት ያስረክባል። ፈቃድ የተረፈው ይሸጣል፤ ያጠረው ይገዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ

ሁለት ማመንጫዎች እያንዳንዳቸው 10 ቶን እንዲቀንሱ ታዘዙ እንበል። አንዱ አንድ ቶን ለመቀነስ 100 ብር ይበቃዋል፤ ማሽኑ ያረጀበት ሌላው ግን 500 ብር ያወጣል። ሁለቱም ትእዛዙን በየራሳቸው ቢፈጽሙ ጠቅላላ ወጪው 6,000 ብር ነው። ግብይት ከተፈቀደ ግን የመጀመሪያው 20 ቶን በ2,000 ብር ቀንሶ፣ የተረፈውን የ10 ቶን ፈቃድ ለሁለተኛው በቶን 300 ብር ሊሸጥለት ይችላል። ሻጩ ወጪውን ሸፍኖ 1,000 ብር ያተርፋል፤ ገዢው 5,000 ብር ሊያስወጣው የነበረውን በ3,000 ይገላገላል። አየሩ በሁለቱም መንገድ ከ20 ቶን ጋዝ ድኗል። ስለዚህ ብክለትን የሚቀንሰው ጣሪያው እንጂ ግብይቱ አይደለም፤ ግብይቱ የሚቀንሰው ወጪውን ነው።

ታሪክ

ሐሳቡን በ1960ዎቹ ካቀረቡት የምጣኔ ሀብት ምሁራን መካከል አሜሪካዊው ቶማስ ክሮከርና ካናዳዊው ጆን ዴልስ ይገኛሉ። በሰፊው የተሞከረው ግን በአሜሪካ የአሲድ ዝናብን ለመከላከል ነው። ከድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በነፋስ ርቆ እየተጓዘ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ሐይቆችንና ደኖችን ይጎዳ ነበር። በ1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ፣ የማመንጫዎቹን ልቀት ከ1980 መጠኑ በግማሽ ያህል ዝቅ የሚያደርግ ጣሪያ አበጀ።

ሥራው በ1995 በ110 ማመንጫዎች ተጀመረ፤ በ2000 ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። በየጭስ ማውጫው ልቀቱን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ተተከለ። ከፈቃዱ በላይ የለቀቀ በቶን 2,000 ዶላር እንዲቀጣና ትርፉም ከሚቀጥለው ዓመት ድርሻው እንዲቀነስ ተደነገገ። አንዳንዶች ጭሱን የሚያጥብ መሣሪያ ገጠሙ፤ ብዙዎች ግን ከዋዮሚንግ በባቡር የሚመጣውን፣ ሰልፈሩ አነስተኛ የሆነ ከሰል መረጡ። ፈቃዱ በብዙ መቶ ዶላር ይሸጣል ተብሎ ሲጠበቅ በ1996 ከ100 ዶላር በታች ወረደ። ለዚህ የባቡር ማጓጓዣ ዋጋ መርከሱም አስተዋጽኦ ስላለው ምስጋናው ሁሉ ለገበያው ሊሰጥ አይገባም። ለ2010 የታቀደው መጠን በ2007 ተደረሰበት።

የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የከፈተው ገበያ አጀማመሩ አላማረም። መንግሥታቱ ለየፋብሪካዎቻቸው ከሚለቁት በላይ ፈቃድ በነጻ አድለው ነበር። በ2006 እውነተኛው የልቀት መጠን ሲታወቅ ዋጋው ወደቀ፤ በ2007 ወደ ዜሮ ተጠጋ። ይባስ ብሎ ብዙ ማመንጫዎች በነጻ ያገኙትን ፈቃድ ዋጋ በመብራት ሂሳብ ላይ ጨምረው ከደንበኞቻቸው ሰበሰቡ። ከ2013 ጀምሮ ማመንጫዎች በአብዛኛው ፈቃዱን በጨረታ እንዲገዙ ተደረገ፤ በ2019 ደግሞ ትርፍ ፈቃድን ከገበያው የሚያነሣ ሥርዓት ሥራ ጀመረ። በ2023 የአንድ ቶን ዋጋ ከ100 ዩሮ አለፈ። ቻይናም በ2021 አገር አቀፍ ገበያ ከፍታለች።

ትችት

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከየትም ቢወጣ የዓለምን ሙቀት የሚጨምረው እኩል ነው። ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ግን እንዲህ አይደለም፤ ፈቃድ እየገዛ ማጨሱን የቀጠለ ፋብሪካ ጎረቤት ለሆነ ሰው፣ በሌላ ከተማ ብክለት መቀነሱ እፎይታ አይሰጠውም። በተለይ በካሊፎርኒያ የድሆች ሰፈር ነዋሪዎችና ተሟጋቾቻቸው ይህን ቅሬታ ደጋግመው አሰምተዋል።

ኢትዮጵያና የካርቦን ሽያጭ

ኢትዮጵያን የሚነካት ከዚህ የሚለይ ዘርፍ ነው። በኪዮቶ ስምምነት መሠረት፣ ጣሪያ ያልተጣለባቸው አገሮች ልቀት የሚቀንስ ወይም ካርቦን የሚያምቅ ሥራ ሠርተው ውጤቱን ለበለጸጉ አገሮች መሸጥ ይችሉ ነበር። በወላይታ የሁምቦ ፕሮጀክት በዚህ አሠራር በ2009 ተመዘገበ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ተከልሎ፣ የተቆረጡት ዛፎች በአብዛኛው ከጉቷቸው እንዲያቆጠቁጡ ተደረገ፤ የካርቦኑም ገዢ በዓለም ባንክ የሚተዳደር ፈንድ ነበር። ዛፍ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ይችላልና፣ የአውሮፓ ኅብረት ገበያ ግን ከደን የተገኘ የካርቦን ሽያጭ አይቀበልም ነበር።